በአንድ ቤት አድገው አንዱ በ16 ዓመቱ ሲታመም ሌላው እስከ እርጅና ጤነኛ የሚሆነው ለምንድን ነው? ስለ እግር እብጠት በሽታ ጥያቄ

የደምበጫዋ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ተሳታፊዎች። የምጠይቀው በሕክምናው ፖዶኮኒዮሲስ ስለሚባለው፣ በእኛ አካባቢ ግን ዝሆኔ እየተባለ ስለሚጠራው የእግር እብጠት ነው። በአባቴ ወገን ሦስት ሰዎች ይህ በሽታ አለባቸው፤ የጀመራቸው ዕድሜ ግን እጅግ የተራራቀ በመሆኑ ምክንያቱን መረዳት አቅቶኛል። አጎቴን የያዛቸው ገና በ16 ዓመታቸው ነው። የአጎቴና የአባቴ እናት የሆኑት አያቴ ደግሞ እግራቸው ማበጥ የጀመረው 40 ዓመት ካለፋቸው በኋላ፣ የመጨረሻ ልጃቸውን ጡት ካስጣሉም ከቆዩ በኋላ ነበር። ታላቅ እኅቴ በ19 ዓመቷ ታመመች። ከሁሉም ይበልጥ የሚያስገርሙኝ አባቴ ናቸው፤ ከአጎቴ ጋር በአንድ ቤት አድገው፣ ዛሬም ያንኑ ቀይ መሬት እያረሱ የሚኖሩ ሲሆን 60 ዓመት አልፏቸው እግራቸው ፍጹም ጤነኛ ነው።

አንዳንዱ ሰው በሽታው ከእርግማን የመጣ ነው ይላል፤ ሌላው እባብ ወይም ጓጉንቸር ከመርገጥ ነው ይላል፤ ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው ደግሞ ከአፈር ነው ተብሎ ይመለሳል። ከአፈር ከሆነ አባቴ እንዴት ዳኑ? ከዘር ከሆነስ አያቴ ያን ያህል ዘመን በጤና እንዴት ቆዩ? ጥያቄዬ ለእውቀት ብቻ አይደለም። ሽማግሌ ተልኮ የጋብቻዬ ነገር ካለቀ በኋላ የእጮኛዬ ቤተሰቦች በሽታው በዘር ይወርዳል የሚል ወሬ ሰምተው ቀኑን አራዝመውታል። እኔ 24 ዓመቴ ነው፤ እስካሁን ምንም ምልክት አላየሁም። የ12 ዓመት ታናሽ ወንድም አለኝ፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጫማውን አውልቆ ከብት ይጠብቃል። በሽታው የሚጀምርበትን ጊዜ የሚወስነው ምንድን ነው? ለእኔስ፣ ለወንድሜስ፣ ወደፊት ለምወልዳቸው ልጆችስ ምን ልጠብቅ?

ሐኪሙ ከደብረ ማርቆስ፦

እንደምን ዋሉ፣ እኅቴ። በጎጃም የእግር እብጠት ሕሙማንን ሳክም የቆየሁ ሐኪም ነኝ፤ የጠየቁት ነገር ሕሙማኑም ቤተሰቦቻቸውም ደጋግመው የሚያነሡት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስልዎ።

ከሁሉ በፊት፣ ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከታመመ ሰው ጋር አብሮ መብላት፣ አንድ አልጋ ላይ መተኛት፣ ጫማውን መጫማት በሽታውን አያመጣም፤ ምክንያቱም መነሻው ተሕዋስ አይደለም። እንደ ጋምቤላ ባሉ ቆላማ አካባቢዎች በትንኝ የሚተላለፍ፣ ከጥቃቅን ትሎች የሚመጣ ሌላ ዓይነት ዝሆኔ መኖሩ ነገሩን ያደናግራል። የሁለቱን ልዩነት በኢትዮጵያ ደጋ ውስጥ በሰፊው አጥንተው ያሳዩት ብሪታንያዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ባደረጓቸው ጥናቶች በሽታው ቀይ ሸክላማ አፈር ባለበት ከፍ ያለ ቦታ፣ በባዶ እግር በሚሄዱ ገበሬዎች ላይ እንደሚታይ፣ ከዚህም ጋር በተወሰኑ ቤተሰቦች ውስጥ እንደሚደጋገም አስተዋሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ጋር የመደበው ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በአገራችን ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎች እንዳለባቸው ሲገመት ይህን ያህል ዘግይቶ ትኩረት ማግኘቱ ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልግባ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው ቀይ አፈር፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታና በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በሚበልጥ ዝናብ ሥር እየፈራረሰ ሲኖር፣ በዓይን የማይታዩ የደቀቁ የማዕድን ቅንጣቶችን ይይዛል። በባዶ እግር የሚሄድ ሰው ተረከዙ ሲሰነጠቅ፣ በጣቶቹ መካከል ያለው ቆዳም ሲላላጥ ቅንጣቶቹ በዚያ በኩል ገብተው ሊምፍ የሚባለውን ፈሳሽ ከእግር ወደ ላይ በሚመልሱት ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ይከማቻሉ። የሰውነት በሽታ ተከላካይ ሥርዓት እነዚህን ባዕድ ነገሮች ለማስወገድ ሲታገል ቱቦዎቹ ይቆጣሉ፣ ግድግዳቸው እየጠነከረ ይሄዳል፣ ውስጣቸው ይጠብባል፣ በመጨረሻም ይደፈናሉ። መውጫ ያጣው ፈሳሽ በእግር ውስጥ ሲጠራቀም እብጠቱ ይታያል። ስለዚህ እብጠቱ የታየበት ቀን በሽታው የጀመረበት ቀን አይደለም፤ ከዚያ በፊት ዓመታት የፈጀ፣ ማንም ያላየው ሥራ በእግር ውስጥ ሲካሄድ ቆይቷል።

በዚህ መንገድ ሲታይ የመጀመሪያውን እብጠት ጊዜ የሚወስኑት ሁለት ነገሮች መሆናቸው ግልጽ ይሆናል፤ አንደኛው ምን ያህል አፈር፣ ለምን ያህል ዓመት በቆዳው በኩል እንደገባ ነው፤ ሁለተኛው የዚያ ሰው ሰውነት ለገባው አፈር ምን ያህል ኃይለኛ ቁጣ እንደሚያሳይ ነው። ሁለተኛው በአብዛኛው በውርስ የሚመጣ ነው። የመጀመሪያው ግን በጫማ፣ በእግር መታጠብ፣ በቤት ወለልና በሥራ ዓይነት ይወሰናል። ሰውነቱ ቶሎ የሚቆጣ ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ በባዶ እግሩ ከሄደ በአፍላ ዕድሜው ይታመማል። ለዚህም ነው ብዙዎቹ ሕሙማን የመጀመሪያውን ምልክት ከአሥራዎቹ እስከ ሃያዎቹ ባለው ዕድሜ የሚያዩት፤ በዚያ ዕድሜ ላይ ልጁ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ አፈር ረግጧል፣ የእርሻውንም ሥራ ከአዋቂ እኩል ጀምሯል።

የቤተሰብዎን ነገር ለመረዳት ግን አንድ ነገር ብትነግሩን ይጠቅማል። አራቱም ሰዎች ጫማ ማድረግ የጀመሩት በስንት ዓመታቸው ነው? ልጅነታቸውንስ ያሳለፉት የት ነው?

ከሶዶ፦

እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ ከበሽታው ጋር የኖርኩ ሴት ነኝና ከላይ ሐኪሙ ማንም ያላየው ሥራ ስላሉት ነገር ልጨምር። እብጠቱ ከመምጣቱ በፊት እግር ይናገራል፤ የሚሰማው ሰው ግን የለም። በእኔ ላይ የጀመረው በአውራ ጣቴና በሁለተኛው ጣት መካከል ባለው ቆዳ ላይ፣ ከዚያም በእግሬ ጀርባ ላይ፣ በማታ በሚያሳክክ ስሜት ነው። ሌሊት ደግሞ እግሬ ከታች እስከ ቅልጥሜ ያቃጥለኝ ስለነበር ከብርድ ልብሱ አውጥቼ ቀዝቃዛው ወለል ላይ አሳርፈው ነበር። እናቴ ምች ነው ብላ ቅጠል ጨምቃ ቀባችኝ። ከዚያ በኋላ ውስጥ እግሬ ማበጥ ጀመረ፤ ጠዋት ስነሣ ይጠፋል፣ ውኃ ቀድቼ ስመለስ ተመልሶ ይመጣል። ጠዋት ጠዋት መጥፋቱ አዘናግቶን ነበር። ቆይቶ ግን ሌሊት መተኛትም አላጠፋውም፤ የእግሬ ጣቶች ደርቀው መታጠፍ አቃታቸው፣ ቆዳዬም ሻከረ።

ከሁሉ የከፋው በየጊዜው የሚነሣው ሕመም ነው። እግሬ በድንገት ይግላል፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይይዘኛል፣ ንፍፊት ይወጣብኛል፤ ለቀናት ከአልጋ አልነሣም። እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ሕመም ካለፈ በኋላ እግሬ ከቀድሞው የባሰ አብጦ ይቀራል።

ጠያቂዋ ወንድምዎንና ራስዎን እንዲመለከቱ የምመክረው እነዚህን ምልክቶች ነው። በወላይታ ብዙ የእግር እንክብካቤ ሥራ ስለተሠራ እኔ ዘግይቼም ቢሆን ዕድሉን አግኝቻለሁ። በየቀኑ እግሬን በሳፋ ውኃ በሳሙና እታጠባለሁ፤ ባለሙያው ባሳየኝ ልክ ጥቂት በረኪና በተጨመረበት ውኃ ውስጥ እዘፈዝፈዋለሁ፤ በጣቶቼ መካከል ሳይቀር አደርቅና ቫዝሊን እቀባለሁ፤ ፋሻ እጠቀልላለሁ፤ ካልሲና ሽፍን ጫማ አደርጋለሁ፤ ስቀመጥም እግሬን ከፍ አድርጌ ነው። እብጠቱ ቀንሷል፤ ያ የሚጥለኝ ሕመምም በጣም ተራርቋል። በማሳከኩ ጊዜ ይህን ባውቅ ኖሮ እብጠቱ ላይ ባልደረስኩ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የደምበጫዋ፦

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሐኪሙ በጠየቁኝ መሠረት አባቴንና አያቴን ጠይቄ ነው የምጽፈው። አጎቴ እስከሚታመሙ ድረስ ጫማ የሚባል ነገር አላደረጉም። አባቴም በልጅነታቸው እንዲሁ ነበሩ፤ ነገር ግን በ17 ዓመታቸው ወታደር ሆነው ሄደው እስከ 30 ዓመታቸው ድረስ ቦቲ ጫማ ሲያደርጉ ኖረዋል፤ ከተመለሱም በኋላ በባዶ እግር መሄድ ስለማይሆንላቸው ሲያርሱ እንኳ ጫማ አይለያቸውም። አያቴ ደግሞ የተወለዱት ከዓባይ በረሃ ወዲህ ካለ ቆላ አገር ነው፤ እዚህ የመጡት ተድረው ሲሆን ያን ጊዜ 20 ዓመት ገደማ ይሆናቸው ነበር። እኅቴ ትምህርት ቤት ስትሄድ ኮንጎ ጫማ ታደርግ ነበር፤ እቤት ውስጥና እርሻ ላይ ግን ያለ ጫማ ነበረች። እኔን አክስቴ በ8 ዓመቴ ወደ ባሕር ዳር ወስዳ ስላስተማረችኝ ከዚያ ወዲህ ያለ ጫማ የሄድኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

ሌላ የከበደኝ ነገር አለ። አንድ ጽሑፍ ላይ የበሽታው 63 በመቶ በውርስ ነው የሚል አነበብኩ። ይህ ማለት ከምወልዳቸው ልጆች ውስጥ ከግማሽ በላይ ይታመማሉ ማለት ነው? የደም ምርመራ አድርጌ ማወቅ እችላለሁ?

ሐኪሙ ከደብረ ማርቆስ፦

ይህን ያህል ዝርዝር በመሰብሰብዎ ደስ ብሎኛል። ስለ አንድ ቤተሰብ ከሩቅ ሆኖ በእርግጠኝነት መፍረድ አይቻልም፤ ነገር ግን የተናገሩት ሁሉ ከምናውቀው ጋር በጣም ይስማማል። አያትዎ ወደ ቀዩ አፈር የመጡት በ20 ዓመታቸው ከሆነ፣ ሌሎች ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ የቆጠሩትን ዘመን እሳቸው ከሠርጋቸው ጀምረው ነው የቆጠሩት፤ እብጠቱ ከ40 ዓመታቸው በኋላ መምጣቱ በአፈሩ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ከኖሩ በኋላ መጣ ማለት ነው። አጎትዎ ይህን ዘመን በልጅነታቸው ጨረሱት። አባትዎ ያንኑ ውርስ ተካፍለው ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ቦቲ ጫማው አፈሩን የከለከለባቸው ልክ ወንድማቸው በታመሙበት ዕድሜ ላይ ነው፤ ከዚያም በኋላ ጫማውን አልጣሉትም። እኅትዎ መታመማቸው ደግሞ ጤነኛ ሆነው የኖሩ ሰው ለበሽታው የሚያጋልጠውን ውርስ ለልጃቸው ሊያስተላልፉ እንደሚችሉ የሚያመለክት ነው።

ስለ ኮንጎ ጫማው አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። "ጫማ ታደርጋለህ?" ብለን ስንጠይቅ በሽተኛውም ጤነኛውም "አዎን" ይላል። በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ሕሙማንን ከጤነኞች ጋር አነጻጽሮ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ ሕሙማኑ ጫማ ማድረግ የጀመሩት ዘግይተው ነው። ከታመመ በኋላ ጫማ የሚያደርግ ሰው ብዙ በመሆኑ የዛሬውን ጫማ ማየት ያለፈውን አይነግረንም። ከዚህም ሌላ በገጠራችን ጫማ ለገበያ፣ ለትምህርት ቤትና ለክብር ቀን ይቀመጣል፤ በእርሻ ላይ ጭቃው ስለሚይዘውና ቶሎ ስለሚያልቅ ይወልቃል። እግር ከአፈር ጋር በብዛት የሚገናኘው ደግሞ በዚያው በእርሻ ላይ ነው። የቤቱ ወለልም አፈር ከሆነ እግር በቤት ውስጥም አያርፍም። ስለዚህ የእኅትዎ ጫማ ከነበረባቸው አደጋ ጥቂቱን ብቻ ቀንሶላቸው ይሆናል።

ስለ 63 በመቶው የሥነ ውርስ እውቀት ያለው ሰው ቢመልስ ይሻላል።

መምህሩ፦

በዩኒቨርሲቲ ሥነ ውርስ አስተምራለሁና ይህን ጥያቄ እኔ ልሞክረው። ቁጥሩ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 በወላይታ ቤተሰቦች ላይ ተሠርቶ ከታተመ ጥናት ነው። ያው ጥናት የታመመ ሰው ወንድምና እኅት በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሕዝብ አምስት ጊዜ ያህል እንደሚበልጥም አሳይቷል። ነገር ግን 63 በመቶ ማለት ከ100 ልጆች 63ቱ ይታመማሉ ማለት አይደለም፤ የአንድ ታማሚ ሰው በሽታ 63 እጁ ከጂን፣ ማለትም ከወላጅ ከሚወረሰው የሰውነት መመሪያ፣ 37 እጁ ከአፈር ነው ማለትም አይደለም። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ሕዝብ እንጂ ስለ አንድ ሰው አይደለም። በዚያ ጊዜ በዚያ ቦታ የኖሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ በአንድ ዓይነት አፈር ላይ በባዶ እግራቸው እየሄዱ፣ አንዱ ታሞ ሌላው ሳይታመም የቀረበትን ልዩነት ምን ያህሉን በውርስ ልዩነት ማስረዳት እንደሚቻል ነው የሚለካው።

ይህን ለመረዳት ሁለት መንደሮችን እናስብ። በመጀመሪያው መንደር ሁሉም ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ በባዶ እግሩ ቀይ አፈር ይረግጣል። የአፈሩ ነገር ለሁሉም እኩል ስለሆነ አንዱን ከሌላው የሚለየው ውርሱ ብቻ ይሆንና የውርሱ ድርሻ እጅግ ከፍ ብሎ ይታያል። በሁለተኛው መንደር ያው ውርስ ያላቸው ሰዎች ሁሉ ከመራመዳቸው ጀምሮ ጫማ ያደርጋሉ እንበል። እዚያ በሽታው ራሱ አይኖርም። ጂኑ አንድም አልተለወጠም። እንግዲህ ከፍተኛ የውርስ ድርሻ ያለው በሽታ በጫማ ብቻ ሙሉ በሙሉ ሊጠፋ ይችላል፤ ሁለቱ አይጋጩም። የታሪክ ማስረጃም አለው። ይህ በሽታ በአንድ ወቅት በሰሜን አፍሪካ፣ በካናሪ ደሴቶች፣ በአየርላንድና በስኮትላንድ ጭምር እንደነበረ ይነገራል፤ ሕዝቡ ጫማ ማድረግ ሲለምድ ግን ጠፋ። የሕዝቡን ዘር ማንም አልቀየረውም።

ጂኖቹን በተመለከተ ትልቁ እርምጃ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የዶክተር ፋሲል ተኮላ አየለና የባልደረቦቻቸው ጥናት ነው። ከወላይታ 194 ሕሙማንንና 203 ጤነኞችን ወስደው መላውን የጂን መዋቅር ሲያነጻጽሩ ልዩነቱን ያገኙት ኤች ኤል ኤ በሚባሉት ጂኖች አካባቢ ነው። እነዚህ ጂኖች የበሽታ ተከላካይ ሥርዓታችን የራሱን ከባዕድ የሚለይባቸው ናቸው። ይህ ግኝት ሐኪሙ ከላይ ካስረዱት ጋር የሚገጣጠመው በዚህ ነው፤ የሚወረሰው እብጠቱ ሳይሆን ሰውነት የአፈሩን ቅንጣት ሲያገኝ የሚያሳየው የቁጣ ልክ ነው። አፈሩ ካልገባ የሚያስቆጣው ነገር የለም። ከዚህ የተነሣ የደም ምርመራው ለእርስዎ የሚሰጠው ጥቅም አይታየኝም። ተጋላጭ የሚያደርገው የጂን ዓይነት ኖሯቸው የማይታመሙ አሉ፤ ሳይኖራቸው የሚታመሙም አሉ። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ደግሞ ምክሩ ያው አንድ ነው፤ ጫማና ንጽሕና። ጋብቻን ለመወሰኛ የሚሆን ምርመራ በዚህ በሽታ የለም፤ ሊኖርም አያስፈልግም።

ነርስ ከሐይፋ፦

ከጎንደር የመጣን ቤተ እስራኤላውያን በምንኖርበት አገር ነርስ ሆኜ እሠራለሁ፤ የመምህሩን ሁለት መንደሮች ሳነብ በየቀኑ የማየው ነገር ትዝ ስላለኝ ነው የምጽፈው። በእኛ ላይ የደረሰው የዚህ ተቃራኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 እና 1985፣ ከዚያም በ1991 የመጡት ወገኖቻችን ሲገቡ የስኳር በሽታ በመካከላቸው ብርቅ ነበር። በእስራኤል የቆዩበት ዓመት በጨመረ ቁጥር ግን በሽታው እየበዛ ሄደ፤ ያውም ከሌላው ሕዝብ ይልቅ በወጣትነት ዕድሜ፣ ብዙም ሳይወፍሩ ይይዛቸዋል። ጂናቸው በአውሮፕላን ጉዞ አልተለወጠም። የተለወጠው ከጤፍና ከሽሮ ወደ ነጭ ዳቦና ጣፋጭ መጠጥ የተዛወረው ገበታ፣ ቀኑን ሙሉ በእግር ከመሄድ ወደ መቀመጥ የተዛወረው ኑሮ ነው።

ስለዚህ ለጠያቂዋ የምለው፣ የአኗኗር ለውጥ ተኝቶ የነበረን ተጋላጭነት ሊቀሰቅስ እንደሚችል ሁሉ ሊያስተኛውም ይችላል። የእርስዎ ቤተሰብ በሽታ እንዲያውም ቀላሉ ነው ብል አጋነነች አይበሉኝ፤ ለስኳር መከላከያው የዕድሜ ልክ ትግል ነው፣ ሰው እየታገለም ሊይዘው ይችላል። ለእናንተ መከላከያው የታወቀ ነው፣ በእጅ ሊያዝም ይችላል። ጫማ ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው ብዙ መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ያ ግን የድህነት ጉዳይ እንጂ የዘር ጉዳይ አይደለም።

የደምበጫዋ፦

የሁላችሁም ትምህርት ከጠበቅሁት በላይ ነው። አሁን የቀሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። ለእጮኛዬ ቤተሰቦች ይህን እንዴት አድርጌ ላስረዳቸው? ለወንድሜስ ከነገ ጀምሮ ምን ላድርግ? አባቴ ጫማ ገዝተውለታል፤ እሱ ግን እርሻ ላይ ከበደኝ እያለ ያወልቀዋል።

ሐኪሙ ከደብረ ማርቆስ፦

ከወንድምዎ ልጀምር፤ የእሱ ጊዜ አሁን ነውና። 12 ዓመት አደጋው ገና መከላከል የሚቻልበት ዕድሜ ነው። ከበደኝ የሚለው እውነቱን ነው፤ በእርጥብ ቀይ አፈር ላይ ጭቃው በጫማው ዙሪያ ተለጥፎ ይከብዳል። ስለዚህ ለትምህርት ቤት ከሚያደርገው ሌላ ለእርሻ የሚሆን፣ እግሩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ጭቃው በውኃ የሚለቀቅ የጎማ ቦቲ ቢገዛለት ይመረጣል። በረባሶና ክፍት ሰንደል ከእሾህ ያድናሉ፤ አፈሩን ግን ያስገባሉ። ጫማ የለመደ ልጅ፣ ልክ እንደ አባትዎ፣ በባዶ እግር መሄድ አይሆንለትም፤ የመጀመሪያዎቹን ወራት መታገስ ነው። ማታ ማታ እግሩን በሳሙና ይታጠብ፣ በጣቶቹ መካከል ይደረቅ፣ ተረከዙ እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን ይቀባ። በጥናት እንደታየው የሕሙማን የእግር ቆዳ ከጤነኞች ይልቅ ደረቅ ነው፤ ቆዳው ለስላሳና ያልተሰነጠቀ ሲሆን አፈሩ መግቢያ ያጣል። የቤታችሁ ወለል አፈር ከሆነ በእበት ከመለቅለቅ አልፎ ሲሚንቶ ወይም ሌላ መሸፈኛ ማድረግ ከተቻለ ለሁላችሁም ይጠቅማል። ከሶዶ የጻፉት እኅታችን የዘረዘሯቸውን ምልክቶች፣ በተለይም የሌሊቱን ማቃጠልና የማታውን እብጠት፣ በየጊዜው ይጠይቁት፤ ካዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። እግርን የሚያሳብጥ ሌላም ነገር ስለሚኖር፣ ልብና ኩላሊትም ጭምር፣ መመርመሩ አይቀርም።

እኅትዎንም አይርሷቸው። በምሥራቅ ጎጃም ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት እንዳረጋገጠው በሳሙናና በውኃ መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ፋሻና ጫማ የመሳሰሉት ቀላል እንክብካቤዎች ያንን የሚጥለውን ሕመም ይቀንሳሉ። ወጪው ትንሽ ነው፤ በቤት ውስጥ ሊሠራ ይችላል።

ስለ እጮኛዎ ቤተሰቦች የምመክረው ብቻዎን እንዳይሟገቱ ነው። የአካባቢውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ይጠይቁና ሁለቱ ቤተሰቦች ባሉበት ታስረዳ፤ አባትዎም በዚያ ይገኙ። ባለሙያዋ ሦስት ነገር ብትናገር ይበቃል፤ በሽታው እንደማይተላለፍ፣ የሚወረሰው ተጋላጭነት እንጂ በሽታው እንዳልሆነ፣ ጫማ አድርጎ ያደገ ልጅ ደግሞ ዘሩ ምንም ይሁን ምን እንደማይታመም። ቤተሰቦቹ ቀይ አፈር ላይ የሚኖሩ ገበሬዎች ከሆኑ ይህ ለእነሱም ልጆች የሚያስፈልግ ምክር ነው፤ በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ በተደረገ ቆጠራ ከ100 ሰው ሦስት ያህሉ በሽታው ተገኝቶበታልና የእናንተን ቤት ብቻ የነካ አይደለም። እርስዎ ራስዎ ከ8 ዓመትዎ ጀምሮ ጫማ ያደረጉ በመሆንዎ ያለ ምልክት 24 ዓመት መድረስዎ የሚጠበቅ ነው፤ ወደ ገጠር ተድረው ቢሄዱም ጫማዎን ሳያወልቁ እስከኖሩ ድረስ ስጋት አይግባዎ።

የደምበጫዋ፦

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ አያቴ ናቸው ያስጠየቁኝ። ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ጫማ እናወልቃለን፤ ቅጥሩም አፈር ነው። ይህስ ልጁን ይጎዳዋል?

ሐኪሙ ከደብረ ማርቆስ፦

ለአያትዎ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። የሚጎዳው በየቀኑ፣ ለዓመታት የሚጠራቀመው ነው፤ በሳምንት ለአንድ ቅዳሴ ጫማ ማውለቅ ከዚያ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ቤት ሲመለስ እግሩን በሳሙና ይታጠብ፣ ጫማውንም ከማድረጉ በፊት ካልሲው ንጹሕ ይሁን። እግራቸው ላበጠው ለእኅትዎና ለአያትዎ ግን ካህኑን አስፈቅደው በውጭ ባለው ቅጥር ላይ ጫማ ሳያወልቁ ቢቆሙ፣ ወደ ውስጥ ሲገቡም ንጹሕ ካልሲ ቢያደርጉ ይሻላል፤ እንዲህ የፈቀዱ ካህናት አውቃለሁ።